የዲሚታር ቀን ማግስት

ሟቹ ከሩቅ ሲታዩ የሞቱ አይመስሉም ነበር። ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ከንፈራቸው ቀልቷል፤ ከውርጭ ገብቶ እሳት ዳር ያሸለበ ሰው ነው የሚመስሉት። ኢንስፔክተር ቶዶራ ቤሌቫ በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ ሥራዋ እንዲህ ያለ ቀይ ሬሳ ስታይ ይህ ሦስተኛዋ ነው። የምድጃ ጋዝ የገደለው ሰው ነው እንዲህ የሚቀላው፤ ሦስቱንም ጊዜ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ መስኮቱ ነበር።

«ከፍቼዋለሁ» አለች በሩ ላይ የቆመችው ወጣት። ኢስክራ ትባላለች። በመንደሩ የንባብ ቤት ውስጥ መርሳት የጀመራቸውን አዛውንቶች የምትደግፍ ናት፤ ዘወትር ጧት በሚኒባስ እየዞረች ከየቤታቸው ትወስዳቸዋለች። «እማማ ዳፊናን ልወስድ ስመጣ ደረጃው ላይ በሌሊት ልብስ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ‹ወንድሜን ቀስቅሺልኝ፣ እኔን እምቢ አለኝ› አሉኝ።»

ዲሚታር ራሌቭ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ነበሩ። ምድጃው ባለበት በታችኛው ክፍል ይተኛሉ። እህታቸው ዳፊና ደግሞ ፎቅ ላይ፣ እሳት በሌለበት ክፍል፣ መስኮት ከፍተው ነው የሚተኙት፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲያ ነው። ያተረፋቸውም ይኸው ነው።

ቶዶራ ክፍሉን ቃኘች። ጠረጴዛው ላይ ጥቂት የዶሮ አጥንት፣ የተጋመሰ የራኪያ አረቄ ጠርሙስ፣ በብርጭቆ ውስጥ ገና ያልጠወለገ ቢጫ አበባ። ምድጃው ቀዝቅዟል። የጭስ ቱቦው መዝጊያ ክፍት ነው።

«አለቃ፣ እስቲ ወደ ላይ ይምጡ!» ሲል ሳጅን ገንቾ ከፎቅ ተጣራ።

በላይኛው ኮሪደር ግድግዳ ላይ ጥቀርሻ የሚወጣባት ትንሽ የብረት በር አለች። ገንቾ ከፍቷት በእጁ አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። ባለ መስመር የሱፍ ሽርጥ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ከስሏል።

«የጭሱን መውጫ ግማሹን ዘግቶታል» አለ። «ቀስ እያለ፣ ሳይሸት፣ ሰውየው እንደተኙ።»

ሽርጡን ይዘው ወረዱ። እማማ ዳፊና ኩሽና ውስጥ የኢስክራን ካፖርት ደርበው ተቀምጠው ነበር። ቀጭን ናቸው፤ እጃቸው ግን የገበሬ እጅ ነው፣ ትልቅ።

«ይሄን ያውቁታል እማማ?» አለች ቶዶራ።

«የእኔ ነዋ። ኮሪደሩ ላይ የሚንጠለጠለው።» አሮጊቷ ሽርጡን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ሦስቱንም ተራ በተራ ተመለከቱ። «ምን ነካው?»

«ጭስ ማውጫው ውስጥ ነው ያገኘነው። ማን ከተተው?»

ውጭ ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ባለፈው ጫማዬን ምድጃ ውስጥ ከትቼ ነበር። ጨውም የት እንዳደረግሁት እስካሁን አልተገኘም። እኔ እሆናለሁ።» ሽርጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በስሙ ቅዱስ በዓል ማግስት ሰው ይሞታል? ትናንት ዶሮውን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ዘፍኖ...»

ገንቾ ወደ ቶዶራ ጆሮ ተጠጋ። «የዲሚታር ቀን ካለፈ እኮ ሁለት ሳምንቱ ነው። ትናንት የኛው የፖሊሶቹ በዓል፣ ሚካኤል ነበር። ራስ ምታቴ ምስክሬ ነው።»

ቶዶራም ራሷን ያማት ነበር። ኖቬምበር ስምንት፣ በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ጣቢያው በሙሉ ይጠጣል። በማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፦ ቀን ያምታታሉ።

* * *

የንባብ ቤቱ ቁም ሣጥኖች ሁሉ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፦ ስኒ፣ መድኃኒት፣ ፎጣ። በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የቀስት ምልክት አለ።

«እብዶች አይደሉም» አለች ኢስክራ፣ ማንም ሳይናገራት እንደ ተቆጣች። «ሁሉም እንዲያ ነው የሚያስቡት። እማማ ዳፊና ዶሮ ያረባሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ካርታ ሲጫወቱ እኔን ያሸንፉኛል። ትናንት የሆነው ነው የሚያመልጣቸው። እኛ መደገፊያ እንሰጣቸዋለን፤ ካርድ፣ ደብተር። በየቀኑ የሆነውን ይጽፋሉ።»

የእማማ ዳፊና ደብተር ሰማያዊ ልባስ አለው። ቶዶራ ገለጠችው። ጽሑፉ ትልቅና ቀጥ ያለ ነው፤ ግን ብዙ አይደለም።

«በየቀኑ ነው ያልሽኝ?»

«‹ባቄላ በላሁ እያልኩ ልጻፍ?› ይሉኛል። ደስ ሲላቸው ብቻ ነው የሚጽፉት። ቀኑንም በቁጥር አይጽፉም፤ ለምኜ ለምኜ ተውኩት። በቅዱሳኑ ነው። እሱንም ያምታቱታል፤ ሁልጊዜ አርማቸዋለሁ።»

የመጨረሻዎቹ ሁለት ጽሑፎች እንዲህ ይላሉ፦

«የቅድስት ፔትካ ቀን። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጣለ። ሚትኮ እንጨት ፈለጠ።»

«የዲሚታር ቀን። ስቪለን መጣ። ጭስ ማውጫውን ጠረገልን። ጎበዝ ልጅ።»

«ሚትኮ የሚሉት ዲሚታርን ነው። ስቪለንስ ማነው?»

«ከዓመታት በፊት የሞተ የሌላ ወንድማቸው ልጅ ነው። ቡርጋስ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ዘመድ የሚባል ሌላ የላቸውም።»

ቶዶራ ደብተሩን በማስረጃ ከረጢት ልትከት ስትል ኢስክራ እጇን ያዘቻት።

«እሱን ከወሰዱት ጭንቅላታቸውን ወሰዱት ማለት ነው።»

ቶዶራ ጥቂት አሰበችና ገጹን በስልኳ አንስታ ደብተሩን መለሰች።

* * *

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጎረቤትየው ነበር። በዋልነት ዛፍ ምክንያት ከዲሚታር ጋር አሥር ዓመት ሲካሰስ የኖረ፣ «አንድ ቀን በጭስ ነው የማፍንህ» ብሎ በሰው ፊት የዛተ ሰው ነው። ገንቾ ደስ ብሎት ሊይዘው ሄደ። ሰውየው ግን የኩላሊት ጠጠር ይዞት ከኖቬምበር ስድስት ጀምሮ ሆስፒታል ተኝቷል። የዲሚታርን መሞት ሲሰማ አልቅሶ፣ «ታዲያ አሁን ከማን ጋር ልጣላ ነው?» አለ።

በሦስተኛው ቀን ስቪለን መጣ። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ጺሙን የተላጨ፣ ጥቁር ክራቫት ያሰረ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን በስልክ ሲጠየቅ «ከኦገስት ወዲህ መንደሩን አልረገጥኩም» ብሎ ነበር።

«በአክስትዎ ደብተር ላይ ግን በዲሚታር ቀን መጥተው ጭስ ማውጫውን ጠርገዋል ይላል» አለች ቶዶራ።

የስቪለን ፊት ለአፍታ ያህል ባዶ ሆነ፤ ሰው ደረጃ መስሎት ባዶ ቦታ ሲረግጥ እንደሚሆነው። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ለካ! የዲሚታር ቀን፣ ኦክቶበር ሃያ ስድስት። ለደርሶ መልስ ብቅ ብዬ ነበር፤ ረስቼው እኮ ነው። እኔም እንደ አክስቴ መሆኔ ነው መሰለኝ» ብሎ ሳቀ።

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ሥራ ላይ ነኝ። ጠርጌው ስሄድ እንደ መስታወት ንጹሕ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሳት ሲነድበት ማንም አልሞተም፤ አይደል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ እባክዎ አክስቴን እንዳይከሷት። አውቃ አይደለም። አጎቴን ስንት ጊዜ ነገርኩት፤ ቤቱን እንሽጥ፣ እሷም በር በሚዘጋበት ቤት ትግባ ብዬ። ‹በቁሜ እህቴን አላስወስድም› አለኝ። ይኸው።»

የሚያዝን ሰው ነው የሚመስለው። የሚለው ሁሉ ደግሞ ከደብተሩ ጋር ይገጥማል። ቶዶራን ያስፈራትም ይኸው መግጠሙ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችውም። የዞኑ ኮሚቴም በማግስቱ ወሰነ፦ ዳፊና ራሌቫ ለራሷም ለሰውም አደገኛ ስለሆነች ዝግ ወደሆነ መጦሪያ ትግባ፤ የቅርብ ዘመድ ፈርሞ ይረከባት።

* * *

በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቶዶራ ወደ ንባብ ቤቱ ሄደች። እማማ ዳፊና ወንድማቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያድሩት እዚያው ከኢስክራ ጋር ነው። የእጃቸው አንጓ ዙሪያውን ቀልቷል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሻሼን ነው የማስረው» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ስተኛ ሁለት እጄን አንድ ላይ አስራለሁ። ቋጠሮውን በጥርሴ። ይህቺ ልጅ አጠገቤ ነው የምትተኛው፤ ምን እንደማደርጋት በምን አውቃለሁ?»

ኢስክራ ፊቷን አዞረች።

«ሌባ ቢፈሩት በር ይዘጋበታል» አሉ አሮጊቷ። «እጄን ነው የምፈራው። የት ልሂድ ከእጄ? ጧት ጧት ስነሳ ሚትኮ የለም፤ የለም ስል ሽርጡ ይመጣብኛል። ስከተው ግን አይታየኝም። ቢታየኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ፣ እኔ ነኝ በይኝና ልረፍ።»

ቶዶራ አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለ ካርድ አየች። የኢስክራ ጽሕፈት ነው፦ «ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ጭስ ማውጫውን አያለሁ። እሳት ነድዶ ጭስ ካልታየኝ አልገባም።»

«በቀን አሥር ጊዜ ያነቡታል» አለች ኢስክራ። «ቢያንስ ይሄ አያምልጣቸው ብዬ ነው።»

* * *

ኖቬምበር አሥራ አራት ጧት፣ ቶዶራ የጉዳዩን መዝጊያ ሪፖርት ለመጻፍ ተቀመጠች። ገንቾ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛዋ ላይ አነሳ።

«የቤቱን ቁልፍ ትናንት ማታ ለስቪለን አስረክቤያለሁ። ኮሪደሩ ላይ እጄን እስከ ብብቴ ከትቼ፣ ጭስ ማውጫው ባዶ መሆኑን አይቼ ነው። ሪፖርቱን ይዘን ወደ ፍርድ ቤት ስንሄድ ግን እኔ ነኝ የምነዳው፤ እርስዎን በበረዶ ቀን አላምንም።»

«አንዴ ቦይ ውስጥ ብገባ እስክሞት ልትነግረኝ ነው?»

«አንዴ? የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ፣ የመጀመሪያዋ ሰዓት፣ የመጀመሪያው ቦይ! ኦክቶበር ሃያ ሰባት። ቀኗን ግድግዳ ላይ ጽፌአታለሁ።»

ቶዶራ እየሳቀች የደብተሩን ፎቶ ከስልኳ ከፈተች፤ ለሪፖርቱ ቃል በቃል መገልበጥ ነበረባት። የቅድስት ፔትካ ቀን። የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጣለ።

ሳቋ ቆመ።

የፔትካ ቀን ኦክቶበር አሥራ አራት ነው። በዚያ ቀን በረዶ አልነበረም፤ ሰው በሸሚዝ ነበር የሚሄደው። በረዶው የጣለው በሃያ ሰባት ነው። ልዩነቱ አሥራ ሦስት ቀን።

አያቷ ትዝ አሏት። ቶዶራ ልጅ ሳለች ሁለት ገና ታከብር ነበር፤ አንዱን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር፣ ሁለተኛውን ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ በአያቷ ኩሽና ውስጥ፣ መጋረጃው ተዘግቶ። አያቷ ቤተ ክርስቲያን የቀየረችውን አዲሱን አቆጣጠር እስኪሞቱ ድረስ አልተቀበሉም። በተራራው መንደሮች አሁንም በድሮው የሚቆጥሩ ጥቂት ቤቶች አሉ።

«ገንቾ» አለች። «በድሮው አቆጣጠር የዲሚታር ቀን መቼ ነው?»

ሳጅኑ በጣቱ ቆጠረ። ኖቬምበር ስምንት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

የዶሮው አጥንት። ትኩሱ አበባ። «ትናንት ዶሮውን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ዘፍኖ።» አሮጊቷ አንዲት ቀን አልተሳሳቱም ነበር። የተሳሳቱት የሰሟቸው ሁሉ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ስቪለን። በማታስታውስ ሴት ላይ ተማምኖ በኖቬምበር ስምንት መጣ፤ ደብተሯ ላይ ቀኑን በሁለት ሳምንት አሳስታ የጻፈችለት መሰለውና ውሸቱን ትቶ የእሷን ስሕተት ለበሰ። ልብሱን ያቀበለችው ደግሞ ቶዶራ ራሷ ናት።

ወደ ወደቡ ደወለች። የፈረቃ ተቆጣጣሪው መዝገብ አገላበጠ።

«ኦክቶበር ሃያ ስድስት? ስቪለን ከጧት እስከ ማታ ክሬን ላይ ነው፤ ፊርማው አለ። ያረፈው ኖቬምበር ስምንት ነው። ትናንት ሳጅኑ ዝርዝሩን ሲጠይቀኝ ለራሱ ለስቪለንም ነግሬዋለሁ፤ ፖሊስ ፈረቃህን ይፈልጋል ብዬ። ክፋት አለው?»

መምጣቱን ካዩት በሕይወት ያሉት እማማ ዳፊና ብቻ ናቸው። ቶዶራ ስልኩን ሳትዘጋ ሌላውን አነሳች። ኢስክራ ወዲያው መለሰች።

«እማማ ዳፊና የት ናቸው?»

«ስቪለን አሁን ወሰዳቸው። ወደ መጦሪያው ከመሄዳቸው በፊት ከቤት ልብስ ይያዙ ብሎ...»

* * *

ገንቾ ነዳ። ወደ ላይኛው መንደር የሚወስደው መንገድ አሥራ አንድ መታጠፊያ አለው፤ ቶዶራ ሁሉንም ቆጠረቻቸው። በየቤቱ ጣሪያ ላይ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ውርጭ ነው፣ ነፋስ የለም።

የራሌቮች ቤት ከመጨረሻው ዳገት በላይ ታየ። የስቪለን መኪና በሩ ላይ ቆሟል። በታችኛው ክፍል መስኮት ብርቱካናማ የእሳት ብርሃን ይወዛወዛል።

ጣሪያው ላይ ግን ጭስ የለም።

ቶዶራ መኪናው ሳይቆም ወርዳ ሮጠች። ያቺን ክፍል፣ ያንን ቀይ ጉንጭ እያየች ነበር የምትሮጠው። የግቢውን በር ገፋችው።

እማማ ዳፊና ከወይኑ ሐረግ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ደብተራቸውን በብብታቸው፣ ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ስቪለን በሩ ላይ ቆሟል። «ግቢ እንጂ አክስቴ! እሳቱን ለአንቺ ብዬ ነው ያነደድኩት። በብርድ ልትሞቺ ነው?»

«ጭስ የለም» አሉ እማማ ዳፊና።

«ምን አገባሽ በጭሱ? ተነሺ አልኩሽ!»

«እሳት ነድዶ ጭስ ካልታየኝ አልገባም» አሉ ከካርዱ እያነበቡ፤ አንድ ቃል ሳይዘሉ፣ እንደ ተማሪ። «እንዲህ ነው የሚለው። አንተ ማንበብ አትችልም እንዴ?»

ስቪለን ሊጎትታቸው ወደ ፊት ተራመደ። ያኔ ነው ቶዶራን ያያት። እጁን ሰበሰበ።

«ኢንስፔክተር! ይኸው ይዩልኝ፣ ይቺን ሴት ማን ይችላታል?»

ገንቾ በአጠገቡ አልፎ፣ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ወደ ፎቅ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የላይኛው መስኮት ተከፈተ። ሳጅኑ እያሳለ አንድ ነገር ወደ ግቢው ወረወረ። የድንች ጆንያ ነው፤ ረጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ ጥቀርሻ ለብሶ።

ቶዶራ ጆንያውን በእግሯ ገለበጠችው።

«እሷ ናት!» አለ ስቪለን። «ሥራዋ እኮ ነው! ታውቃላችሁ አይደል፣ የምታገኘውን ሁሉ ነው የምትወትፈው!»

እማማ ዳፊና ጆንያውን አዩ፣ ከዚያ የወንድማቸውን ልጅ አዩ።

«እኔ ገና አልገባሁም» አሉ።

ገንቾ ካቴናውን ይዞ ወረደ።

* * *

መኪናዋ ስቪለንን ይዛ ከወረደች በኋላ ቶዶራ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ካፖርቷን አውልቃ አሮጊቷን አለበሰቻቸው።

«ስለዚህ እኔ አልነበርኩም?» አሉ እማማ ዳፊና።

«አልነበሩም። ሽርጡንም እሱ ነው የከተተው፣ በዲሚታር ቀን። እርስዎ የጻፉት ልክ ነበር፤ እኛ ነን የተሳሳትነው።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ፤ በአገሩ ልማድ አዎ ማለታቸው ነው። እንባቸው ሳይሰማ ነው የወረደው።

«ጎበዝ ልጅ ብዬ ጽፌለት ነበር» አሉ። ቀጥለውም በድንገት የቶዶራን እጅ አጥብቀው ያዙ። «ነገ እረሳዋለሁ። ይሄን እረሳለሁ፣ ፍርሃቱን አልረሳም። ፍርሃቱ እኔን አይረሳኝም። ጻፊልኝ ልጄ፤ አንቺ ጻፊልኝ፣ የመንግሥት ሰው ነሽ።»

ቶዶራ ደብተሩን ተቀበለች። ባዶ ገጽ አወጣችና በትልልቅ ፊደል ጻፈች፦ «ሚትኮ ሞቷል። የገደለው ስቪለን ነው። ዳፊና አይደለችም።»

«የመጨረሻዋን አስምሪባት።»

አሰመረችባት።

«ቀኑንስ?»

ቶዶራ አሥራ አራት ብላ ልትጀምር እስክሪብቶዋን አስጠጋች፤ ከዚያ አቆመች።

«ዛሬ የማን ቀን ነው እማማ?»

«የኮዝማና ዳምያን ነዋ፣ የሐኪሞቹ ቅዱሳን» አሉ እማማ ዳፊና በርኅራኄ እያዩዋት። «አንቺንም ጀመረሽ እንዴ?»

«ትንሽ ትንሽ» አለች ቶዶራ፤ የሐኪሞቹ ቀን ብላም ጻፈች።

አሮጊቷ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አራት ጊዜ። ከዚያ ከኪሳቸው ሻሻቸውን አወጡ። ቋጥረው ያደሩበት ቦታ ተጨማዷል። በመዳፋቸው ዳበሱት፣ አቃኑት፣ ራሳቸው ላይ አሰሩት።